ሃያ ኪሎ የፕሪም ፍሬ ከሰል

ኦክቶበር 3፣ 2008፣ ዓርብ

የላቦራቶሪ ደብተሬን ዛሬ ወሰዱብኝ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩበት። የክፍሉ ጸሐፊ ፖስታ ውስጥ ከትታ በሰም አሸገችውና እንድፈርም ጠየቀችኝ። ፈረምኩ። ወጥቼ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ ይሄንን ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ ድመት አለበት፤ የሕፃን ደብተር ነው። ግድ የለም፤ የድመት ደብተር ለማሸግ የሚደፍር ጸሐፊ የለም።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ። ሲቃጠል ጭሱ የሰው ሳንባ ይበላል። ከጃንዋሪ ጀምሮ ሕጉ ከሚሊዮን እጅ ከአሥር በላይ አይፈቅድም። ማጣሪያዎቹ ድኙን የሚያወጡት በኃይለኛ ግፊት፣ በሃይድሮጅንና በብዙ እሳት ነው። እኔ የያዝኩት መንገድ ሌላ ነው። አባቴ የፕሪም አረቄ ካወጣ በኋላ የሚጥለውን ጠንካራ ፍሬ አከስለዋለሁ። ከሰሉን በእንፋሎት ጠብሼ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን እከፍታለሁ። ከዚያ መዳብ አጠጣዋለሁ። ናፍጣው በላዩ ሲያልፍ መዳቡ ድኙን ይዞ ያስቀረዋል። በሜይ፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ የገባ ናፍጣ ስምንት ሆኖ ወጣ። አሥራ አንድ ጊዜ ደገምኩት።

ትናንት በማጣሪያው ግቢ ውስጥ ሃያ ኪሎ ከሰል በትልቁ ቱቦ ሞልተን ሞከርነው። የማጣሪያው መሐንዲሶች ቆመው ያያሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ገባ። አራት መቶ ዘጠኝ ወጣ።

አማካሪዬ ፕሮፌሰር ስትሮየስኩ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ «አኃዞቹ የወይዘሪት ቮርኒኩ ናቸው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። በጁን ቡካሬስት መድረክ ላይ ቆመው እነዚያኑ አኃዞች «እኔ ያገኘኋቸው» ሲሉ ከኋላው ወንበር ተቀምጬ አጨብጭቤላቸው ነበር።

ቢያንስ በዚህ ደብተር ላይ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም።

በሙከራ ሰነዴ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው።


ኦክቶበር 4

እንቅልፍ የለም። አራት መቶ ዘጠኝ። ተራ አሸዋ እንኳ ከሦስት የበለጠ ይይዛል።


ኦክቶበር 9

ደብዳቤው መጣ። «በፈጠራ አኃዝ» ተጠርጥሬአለሁ። ኮሚቴው ዲሴምበር 12 ይሰማኛል። ጥፋተኛ ካሉኝ የዶክትሬት ሥራዬ ይሰረዛል፤ ስሜም ይሰረዛል። ስሟ የተሰረዘ ኬሚስት በዚህ አገር የጠርሙስ አጣቢነት ሥራ እንኳ አታገኝም።

የላቦራቶሪው ቁልፍ ተወስዶብኛል። ጠረጴዛዬ ግን ኮሪደሩ ጥግ ላይ ስለሆነ መጥቼ እቀመጣለሁ። አፍራ ቀረች እንዲሉ አልፈልግም።

ሕንጻውን የሚያጸዱት እትዬ ሳፍታ ደረጃው ላይ የሰሙትን ሹክ አሉኝ። ስትሮየስኩ ለጸሐፊዋ እንዲህ ብሏል፦ «አባትዮው ፕሪም ያፈላል፣ ልጅቷ አኃዝ ታፈላለች። መንደርተኛ ብልጠት ነው።» እትዬ ሳፍታ ባልዲውን እግሩ ላይ ሊደፉበት ፈልገው ነበር። ውሃው ገና ንጹሕ ስለነበር አሳዘናቸው።

ዶሩ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ትቶ ሄዷል፤ የተጠበሰ በርበሬና ደበርጃን የተቀባ። ዶሩ የድኝ መለኪያውንና እቶኑን የሚይዘው ቴክኒሻን ነው። ሰው ሲያናግረው ጫማውን ያያል። እንዳልራበኝ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

በላሁት። ጨው አንሶታል።


ኦክቶበር 14

ዛሬ በዶሩ ላይ ጮህኩበት። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አድሬ ጥፋቱ የመለኪያው መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ናፍጣው ስምንት ሆኖ ወጥቶ መሣሪያው አራት መቶ ዘጠኝ ብሎ ቢሆንስ? ኮሪደር ላይ ሰው እየሰማ፣ መሣሪያውን በጊዜው አስተካክሎት እንደሆነ ጠየቅኩት። አጠያየቄ የጥያቄ አልነበረም። ጆሮው ቀላ። «አያለሁ» ብሎ ሄደ።


ኦክቶበር 15

የሦስት ወር የማስተካከያ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ፤ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ በእጅ ጽሑፍ። የሙከራው ዕለት ጠዋት ሁለት ጊዜ አስተካክሎታል። አጠገቡ ዳቦ ነበር። ወቀሳ የለ፣ ቃል የለ።

ይቅርታ ልለው ይገባል። ነገ።


ኦክቶበር 19፣ እሑድ

አባባ ደወለ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ይጮሃል፤ ሽቦው ረጅም ስለሆነ ድምፁ መንገድ ላይ የሚደክም ይመስለዋል። ከቅዳሴ በኋላ ለቄሱ እንደነገራቸው አጫወተኝ፤ የእሱ ፕሪም የአውሮፓን ናፍጣ ሊያጥብ ነው። ቄሱም አረቄው ራሱ ለማጠብ እንደማያንስ ነግረውታል። ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ያከሰልኩልሽ ከሰል እንዴት ሆነ?» አለ።

ጥሩ ነው አልኩት።

ይሄ የድመት ደብተር ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ሃያውን ኪሎ ያከሰለው አባባ ነው። የላቦራቶሪው እቶን የሚይዘው ሁለት መቶ ግራም ነው። ስትሮየስኩ ደግሞ ለማጣሪያው በአምስት ሳምንት እንደሚደርስ ቃል ገባ። ስለዚህ ኦገስት ላይ አባባ ፍሬውን በብረት በርሜል አሽጎ፣ አረቄ በሚያወጣበት ምድጃ ላይ አራት ሌሊት አከሰለው። እኔ በእንፋሎቱና በመዳቡ ብቻ ጨረስኩት። ሰነዱ ላይ «በላቦራቶሪ እቶን ከስሏል» ብዬ ጻፍኩ። ከስሏል፤ እሳት እሳት ነው። ሙቀቱን በእኔ መለኪያ ለክቶ በእርሳስ ጽፎልኛል፤ የእሱ መዝገብ ከስንቱ ዶክተር የተሻለ ነው። «በአባቴ ምድጃ» ብዬ ብጽፍ ምን እንደሚሉ ግን አውቃለሁ። ደረጃው ላይ አሉት እኮ።

ከውጤቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።


ኦክቶበር 28

አገኘሁት። አገኘሁት።

ከሃያው ኪሎ የተረፈ አንድ ማሰሮ ከሰል ቤቴ ነበር። ዶሩ ምሳ ሰዓት ላይ ወስዶ ናፍጣውን ሳይሆን ከሰሉን ራሱን ለካው። ማንም ይህን አስቦ አያውቅም። የፕሪም ፍሬ ድኝ የለውም፤ ለምን ይለካል? ከሺህ አንድ እጅ ድኝ! ናፍጣው ገና ሳይደርስ ከሰሉ ጠግቦ ነበር ማለት ነው። መዳቡ ሁሉ ተይዞ ነበር።

ዶሩን እጁን ይዤ ኮሪደሩ መሃል አዞርኩት። እትዬ ሳፍታ «ሠርግ ነው እንዴ?» አሉ። ዶሩ ጫማውን አየ።

ትንሽ ቆይቶ፣ የት እንደከሰለ ጠየቀኝ። ሰነዱ ላይ ተጽፏል አልኩት። «ተጽፏል» አለ። ሌላ አልጠየቀም።


ኖቬምበር 3

ድኝ በእግሩ አይመጣም። ሰው ነው ያስገባው። ጆንያዎቹን ወደ ማጣሪያው የወሰደው ሊቪዩ ነው፤ የክፍሉ ሠራተኛና የስትሮየስኩ የእህት ልጅ። ሌሊቱን መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያዎቹ ጋር የነበረው እሱ ነው። አጎትዬው ደግሞ ከማጣሪያው ጋር የራሱን ውል ሊፈርም ነው ይባላል፤ እኔ ወደቅኩ ማለት መንገዱ ተጠረገለት ማለት ነው።

ስሙን ጠርቼ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። ዶሩ አንብቦ፣ አንድ ሳምንት ይደር አለ። ፈሪ አልኩት። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ።


ኖቬምበር 6

ሊቪዩ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጆንያሽን ሁለት ፎቅ በጀርባዬ ተሸክሜአለሁ፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር» አለኝ። «አጎቴን ጥዪው፣ መብትሽ ነው። እኔ ምን አደረግኩሽ?»

አላመንኩትም። ጥሩ ተዋናይ ነው አልኩ ለራሴ።

ስንት ጊዜ አልኩት ግን።


ኖቬምበር 15

የገና ጾም ገባ። ምስር። ኮሚቴው ደብዳቤዬን ተቀብሏል። ሊቪዩን ከሥራ አግደውታል። አሸነፍኩ ማለት ነው።

ዳቦ አሁንም ይመጣል፤ የጾም። ይቅርታ እስካሁን አላልኩትም።


ኖቬምበር 30፣ እሑድ፣ ፖያና

ነገ የአገር በዓል ስለሆነ ሁለት ቀን አባባ ዘንድ ነኝ። ወይኑን ከአተላው ለይቶ ወደ ሌላ በርሜል የሚያዛውርበት ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱ ውስጥ መብራት ያዝኩለት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህን ሥራ ብቻውን ነው የሚሠራው። ሰው ሲያግዘው ግን መናገር ይወዳል። ወይኑ ዘንድሮ ከፍቷል፣ ጎረቤቱ ከሱ ይብሳል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባዶውን የእንጨት በርሜል በሙቅ ውሃ አጥቦ አድርቆት ነበር። ከመደርደሪያው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወረደ፤ ቢጫ፣ ድኝ የተነከረ የጨርቅ ቁራጭ። በሽቦ አንጠለጠለው፣ ክብሪት ጫረ፣ በርሜሉ ውስጥ አውርዶ በውታፍ ደፈነው። ከመደፈኑ በፊት ሰማያዊውን ነበልባል አየሁት። ሽታው ደረሰኝ።

ያን ሽታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሻጋታ እንዳይገባ በርሜል በድኝ ይታጠናል። እዚህ ሸለቆ ውስጥ የማያጥን ሰው የለም፤ የማያጥን ሰው ወይኑ አይጠጣለትም፣ ልጁም ባል አታገኝም ይባላል። ሦስት ዓመት ከድኝ በቀር ሌላ ሳላስብ ኖሬ የአባቴ ምድር ቤት ድኝ እንደሚሸት አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ቤት የሚሸተውን ሰው አያሸትም።

ኦገስት ላይ ከሰሉን እስክወስድ ድረስ የት እንዳስቀመጠው ጠየቅኩት። መልሱን አውቄው ነበር።

«እዚችው ውስጥ ነዋ» አለ፣ በርሜሉን በመዳፉ እየመታ። «ደረቅ ናት፣ አይጥ አይገባባትም። ለወይን አንድ ቁራጭ ይበቃል፤ ለአንቺማ ሁለት ነው ያጠንኩበት። ላቦራቶሪ የሚገባ ነገር ነው ብዬ።»

ሁለት። ከሰል ጭስ ይጠጣል፤ ሥራው ነው፤ እኔው ነኝ የመረጥኩት ስለሚጠጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ ጠጣ። እኔ ደግሞ ወስጄ በእንፋሎት ስጠብሰው ድኙን ከሰሉ ላይ አጣበቅኩት። መዳቡን ሳጠጣው የቀረው ቦታም ሞላ። ማንም ምንም አላደረገም። ሊቪዩ ጆንያ ተሸከመ፤ አባቴ በርሜል አጠነ፤ እኔ አንድ መስመር ውሸት ጻፍኩ። ያቺ መስመር ባትኖር ማንኛውም መሐንዲስ የመጀመሪያ ጥያቄው «ከሰሉ የት ተቀምጦ ነበር?» ይሆን ነበር።

«ጥሩ አድርገሃል» አልኩት።

መብራቱን ወደ መሬት ሳዘቀዝቀው አይቶ ደክሞሻል አለኝና ወሰደው። በአንድ እጁ መብራት በአንድ እጁ ቱቦ ይዞ ብቻውን ጨረሰው።

አሁን ከግድግዳው ወዲያ ይስላል። ከምድጃው ሥር በርሜሉ ውስጥ ያልገባ፣ የተረፈ አንድ ጣሳ ከሰል አገኘሁ። ይዤው እሄዳለሁ።

እውነቱን ብናገር አኃዞቼ ይድናሉ። ግን ሰነዱን እንደዋሸሁ፣ ሊቪዩን ያለ ጥፋቱ እንዳሳገድኩ ይታወቃል። አባባም ያውቃል። የመጨረሻው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ዝም ብል ደግሞ በዲሴምበር 12 ስሜ ይጠፋል፤ የአንድ ንጹሕ ልጅ ስምም ከስሜ ጋር።


ዲሴምበር 3

ለዶሩ ነገርኩት። እቶኑ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ፣ ፈጥኜ፣ እንደ ኑዛዜ። አልደነገጠም። ከኦክቶበር ጀምሮ ያውቅ ነበር።

የእቶኑ መዝገብ በእሱ እጅ ነው። ኦገስት ውስጥ ሃያ ኪሎ ቀርቶ ሁለት ኪሎ አልከሰለም። ኮሚቴው መዝገቡን ሁለት ጊዜ ጠይቆታል። ሁለቴም እየፈለገው እንደሆነ ነግሯቸዋል። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ «አንቺ ራስሽ ብትነግሪኝ ብዬ ነው» አለ፤ ለጫማው።

ይቅርታ አልኩት። ለመለኪያው፣ ለፈሪው፣ ለዳቦው። ዳቦው ምን አጠፋ አለኝ። ጨው ያንሰዋል አልኩት። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ አረንጓዴ ነው። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል።

የጣሳውን ከሰል በእንፋሎት እንዲጠብሰውና መዳብ እንዲያጠጣው ሰጠሁት። ከሦስት ቀን በፊት እንደማይደርስ ነገረኝ።


ዲሴምበር 6፣ የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት

አባባ ሳይነግረኝ መጣ። ዛሬ ልጆች ጫማ ውስጥ ስጦታ ያገኛሉ፤ እሱ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመቴ እንደሆነ አልሰማም። አንድ ከረጢት ፖም፣ ለውዝ፣ በጨው የተነከረ ጎመን። ክፍሌን በዓይኑ ቃኝቶ፣ እየበላሽ አይደለም አለ።

ላለመንገር ምዬ ነበር። ፖሙን ከረጢቱ ውስጥ አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ሦስተኛውን ስፈታ አለቀስኩ። ነገርኩት። ሁሉንም፤ ኮሚቴውን፣ ውሸቴን፣ ሊቪዩን። ስለ በርሜሉ ስደርስ ቃላት እየመረጥኩ ዞርኩ፣ ተመለስኩ፣ ዞርኩ። ሞኝ አይደለም።

«ሁለቱ ቁራጭ ነው?» አለ።

«ሁለቱ ቁራጭ።»

ባርኔጣውን አነሳ። አውቶቡስ አያምልጠኝ አለ። አውቶቡሱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። በመስኮት አየሁት፤ ፌርማታው ላይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቆሟል። ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። አውቶቡሱ ሲመጣ የኮቴን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈልኝና ገባ።


ዲሴምበር 8

ደብዳቤዬን አነሳሁ። በምትኩ ሌላ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ፣ የሆነው ብቻ። ከዚያ የሊቪዩን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። እናቱ በሩን ከፍታ አየችኝና መልሳ ልትዘጋ ነበር። ደፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ሊቪዩ ከኋላዋ ሆኖ ሰማኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። «ሃያ ኪሎ አልነበረም፤ ከነጆንያው ሃያ ሦስት ነው» አለ። ይሁን፤ ይገባኛል።

ዶሩ ሌሊቱን ጨርሷል። በርሜል ያልገባው ከሰል፣ ያው ናፍጣ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ ሆኖ ወጣ።

አሥር አይደለም። አሥራ አንድ።


ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ይዘዋል። ሰብሳቢዋ ከቡካሬስት የመጡ ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ። ስትሮየስኩ በመስኮቱ በኩል።

ኮሪደሩ ላይ አባባን አየሁት። የዕለተ ሰንበት ባርኔጣውን አድርጓል፣ ተላጭቶ አገጩን ቆርጦታል። ማንም አልጠራውም። አብረውት የተቀመጡት እትዬ ሳፍታ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው እንዳለና ሻይ አልጠጣም እንዳላቸው ነገሩኝ።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። ያቺ መስመር ውሸት መሆኗን አመንኩ፤ ለምን እንደጻፍኳት ግን ሰበብ አላበዛሁም። ዶሩ የእቶኑን መዝገብ አስቀመጠ። ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ፣ ጠፍቶበት ሳይሆን ሆን ብሎ እንደሆነ ተናገረ። እንደዚያ ቀና ብሎ ሲናገር አይቼው አላውቅም። የአዲሱን ሙከራ ውጤት አነበብኩ። ስትሮየስኩ ፈገግ ብሎ፣ አሥራ አንድም ከሕጉ በላይ ነው አለ።

«አዎ፣ አሥራ አንድ ነው» አልኩ። «አኃዝ የምፈጥር ብሆን ዘጠኝ እል ነበር። አንድ ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ። በጁን፣ ቡካሬስት ላይ፣ አኃዞቹ የእርስዎ ነበሩ። በኦክቶበር የእኔ ሆኑ። በየትኛው ቀን ነው ያስረከቡኝ?»

ሰብሳቢዋ እርሳሳቸውን መቅረጽ አቆሙ። ጥያቄውን ጻፉት።

ከዚያ ከሰሉን ያከሰለው ሰው ይመስክር ተባለ። አባባ ገባ። ተቀመጡ ሲሉት አልተቀመጠም። ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቢጫ ቁራጭ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከውሃው ጠርሙስ አጠገብ አኖረው። ምድጃውን፣ አራቱን ሌሊት፣ በርሜሉን ነገራቸው፤ ቀስ ብሎ፣ ለጎረቤት እንደሚያስረዳ። አንደኛው ፕሮፌሰር፣ ይህን ያህል ድኝ አንድ በርሜል ውስጥ ሊገባ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ስትሮየስኩም ጣልቃ ገብቶ፣ ያም ሆነ ይህ ከሰሉ በማጣሪያው ሙከራ አንዳች አልሠራም አለ።

አባባ ወደ እሱ ዞረ። አልተቆጣም።

«ጌታው፣ አልሰነፈም እኮ» አለው። «ጠግቦ ነው የመጣላችሁ። የሰጠሁትን ሁሉ ጠጣ፤ ሁለቱንም ቁራጭ፣ ጠብታ ሳያስቀር። በርሜሉን ስከፍተው አይሸትም ነበር፤ ገርሞኝ ነበር። ከኔ በርሜል ያን ያህል የጠጣ፣ ከናንተ ናፍጣ አይጠጣም?»

ሰብሳቢዋ ሳቁ፤ የፌዝ ሳቅ አይደለም፣ አንድ ነገር የገባው ሰው ሳቅ። ከዶሩ መዝገብ ላይ ያን ከሺህ አንድ እጅ አግኝተው በጣታቸው ለጎናቸው ሰው አሳዩት።

በሦስት ዓመት ሥራዬ፣ ጥጋቡ ራሱ ከሰሉ እንደሚሠራ ማስረጃ መሆኑን ያየሁት እኔ አይደለሁም።

ስንወጣ አባባ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ አበላሸሁብሽ ወይ አለኝ። አንተ ካልነገርካቸው አያምኑኝም ነበር አልኩት። እውነት ነው። ለአንድ ጊዜ ያለ ምንም ማለስለሻ።


ዲሴምበር 18

ውሳኔው፦ በፈጠራ አኃዝ ነጻ። ስለ ሰነዱ የጽሑፍ ተግሣጽ፣ የዶክትሬት ሥራዬም በአንድ ዓመት ይዘገያል። አዲስ አማካሪ ይሰጠኛል፤ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ጠይቀዋል አሉ። ሊቪዩ ወደ ሥራው ተመልሷል። ዶሩም ተግሣጽ አግኝቷል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ የመጀመሪያው ስለሆነ አስቀምጠዋለሁ አለ።

ስትሮየስኩ ምንም አልሆነም። ደረጃው ላይ አልፎኝ ሲሄድ ግን ቀድሞ ሰላም አለኝ። አልመለስኩለትም። ገና ነኝ።

የሰነድ ማረሚያ ቅጽ ላኩልኝ። ከታች «ሥራውን ያከናወነው ሰው ስም፣ ሙያና ፊርማ» የሚል አለበት።


ዲሴምበር 20፣ ፖያና

ዛሬ ለገና በየግቢው አሳማ ታርዶ ፀጉሩ በገለባ እሳት ይለበለባል፤ ሸለቆው ሙሉ የገለባ ጭስ ነው። ዶሩ አብሮኝ መጣ፤ ከምድጃው ናሙና ለመውሰድ ነው አለ። ናሙናው ኪስ ውስጥ ይገባል። የልብስ ሻንጣ ይዟል። አባባ ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ የዶሩን ጫማ አየ፤ «ለጭቃ የሚሆን ጫማ እሰጥሃለሁ» ብቻ አለው።

ከምሳ በኋላ ቅጹን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ። መነጽሩን ፈልጎ አገኘ። ሙያ የሚለው ላይ ምን ልበል፣ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት አለ። እኔ የምጽፈው እውነት የሆነውን እንደሆነ ነገርኩት። «አረቄ አውጪ፣ ከሰል አክሳይ» ብዬ ጻፍኩ። ጣቱን ከቃላቱ ሥር እያስኬደ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ስሙን ፊደል በፊደል ጻፈ፣ ጋቭሪላ ቮርኒኩ፣ በመስመሩ ላይ ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ።

ወረቀቱን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ። ጎንበስ ብሎ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።